ብቻዎን ይሁኑ ይላል ወረቀቱ

መመሪያው ገና ከመጀመሪያው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ብርሃን ያለበት ቦታ ይምረጡ። ሰዓት አጠገብዎ ያስቀምጡ። ብቻዎን ይሁኑ።

ብርሃኑም ሰዓቱም አያስቸግርም። ሦስተኛውን የጻፈው ሰው ግን ጎንደር ውስጥ አንድ ሌሊት አላደረም። እኛ ቤት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። በር ዘግተህ ትንሽ ከቆየህ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል ይመጣል። ካልመለስክ ጎረቤት ይጠራል።

የማወራው ጉበትን ስለሚጎዳው ስለ ሄፓታይተስ ሲ የቤት ውስጥ ምርመራ ነው። ለኤች አይ ቪ ድድ ላይ የምትደረገዋን ዘንግ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ኦራኲክ የምትባለዋን። ያው ኩባንያ ለሄፓታይተስ ሲም ሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ራሱን ለሄፓታይተስ ሲ ቢመረምር ጥሩ ነው ያለው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር። የመጀመሪያዋን የራስ መመርመሪያ ፈትሾ ብቁ ናት ያላት ደግሞ በ2024። ለእኔ ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ከቫይታሚንና ከቸኮሌት ጋር ጥቂት ፍሬ ይዞልኝ የመጣው። ለምን እንደጠየቅኩት አልገባውም። «ታመሃል እንዴ?» ሲለኝ አልታመምኩም አልኩት። አልታመምኩምም።

ነገሩን ጭንቅላቴ ውስጥ የከተተው ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሆዳቸው ውሃ ይዞ፣ እግራቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው አልቆ ነው ያረፉት። ለቅሶ ቤት «ጉበት ነው» ተባለ። ቀጥሎ «መጠጥ ነው» ተባለ። ሰውዬው ግን በበዓል ከምትቀመስ ጠላ አልፈው አያውቁም። ኋላ ከልጆቻቸው አንዱ በጆሮዬ «ሲ የሚባለው ነው» አለኝ። ለምን በጆሮ እንደሚነገር አልገባኝም። ገብቶኛል እንጂ፣ ደስ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ስለ መርፌ ማሰብ ጀመርኩ።

እኔ ያደግኩት ደንቢያ፣ ቆላ ድባ ነው። በልጅነቴ ሰው ሲታመም የሚፈልገው ሐኪም የሚወጋውን ነበር። ኪኒን የሚሰጥ ሐኪም እንደ ሐኪም አይቆጠርም። «ምን አረገልኝ፣ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘኝ» ይባላል። ሰፈራችን አንድ ድሬሰር ነበር። የብርጭቆ ስሪንጅ ነበረው፤ ብረት ሳጥን ውስጥ አድርጎ በላምባ ምድጃ ይቀቅለዋል። ወረፋው ሲረዝም ግን ውሃው መፍላቱን ማን ይጠብቃል? አንዱ ሲወጣ ሌላው ሱሪውን እየፈታ ይገባል። ሰውዬውን እየወቀስኩ አይደለም። በዚያ ዘመን ባይኖር ኖሮ ስንቱ በወባና በሳንባ ምች ባለቀ። እንዲያውም ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተላት ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው። እዚያ የሠለጠኑት የጤና መኮንኖችና ነርሶች ገጠሩን አዳርሰውታል። ችግሩ ያኔ መርፌው ውስጥ የሚጓዘውን ይህን ቫይረስ ለይቶ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አለመኖሩ ነው።

የእውነቴን ነው፣ አልነበረም። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞች «ሄፓታይተስ ኤ ያልሆነ፣ ቢ ያልሆነ» ሲሉት ኖረዋል፤ ስም እንኳ አልነበረውም። ያገኙት ሦስት ሰዎች፣ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ፣ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በ2020 ነው። ዓለም በኮሮና ተወጥሮ ስለነበር ወሬው ብዙም አልተሰማም።

መርፌ አንድን አገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት የፈለገ ግብፅን ይይ። ከእኛ ጣና የሚወርደውን ውሃ የሚጠጡት ሰዎች ለብዙ ዘመን ቢልሃርዚያ ሲያሰቃያቸው ኖሯል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (በፈረንጅ ነው) መንግሥታቸው በዘመቻ መድኃኒት ወጋቸው። ለአንድ ሰው ብዙ መርፌ፣ ለብዙ ሰው ደግሞ በቅጡ ያልተቀቀለ አንድ ስሪንጅ። ቢልሃርዚያው ቀነሰ፤ ሄፓታይተስ ሲ ግን በዓለም ላይ እንደ ግብፅ የበዛበት አገር ጠፋ። ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2018 መጨረሻ ጀምረው በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መረመሩ፤ የተገኘበትን በነፃ አከሙ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት መንገድ ላይ ናችሁ ብሎ የወርቅ ደረጃ ሰጣቸው። በዓባይ ጉዳይ ከግብፅ ጋር ያለንን እናውቃለን። በዚህ ግን ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ።

እና አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ሳይፈላ፣ ማሸጊያዋን ቀደድኩ።

ቡና ሳይፈላ ያልኩት ለወግ አይደለም። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። አፍ ከታጠቡበት ወይም ጥርስ ከቦረሹ ደግሞ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ማሸጊያዋ ሁለት ክፍል አላት። በአንዱ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ብልቃጥ፣ በሌላው ዘንጓ። የዘንጓን ጫፍ በጣት መንካት ክልክል ነው። የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን አንዴ ትጠርጋለህ። ጉንጭና ምላስ አይደለም፤ ድድ ነው። ከዚያ ብልቃጧ ውስጥ ትተክላታለህ። ፈሳሹ በመስኮቷ በኩል ሐምራዊ እየሆነ ሲወጣ ይታያል። ከ20 ደቂቃ በፊት አይነበብም፤ ከ40 ደቂቃ በኋላም አይነበብም።

ከአልጋ ቤቱ መስኮት ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ ልጄ ቀድማኛለች። እንግሊዝኛ ማንበብ ከጀመረች ወዲህ ያላነበበችው ካርቶን የለም።

«አባዬ፣ ሲ አለብህ!» አለች ጮክ ብላ።

ቤቱ ቀጥ አለ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ መጣች። ነገሩ ወዲህ ነው። መስኮቷ ላይ ሁለት ፊደል ተጽፏል፤ ሲ እና ቲ። የሲዋ መስመር ምርመራው በትክክል መሥራቱን የምታሳይ እንጂ የሄፓታይተስ ሲ አይደለችም። እሷ ካልወጣች ዕቃው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ በሌላ መድገም ነው። በሽታውን የምትናገረው ቲ ጋ ያለችው ናት፤ ደብዛዛም ብትሆን ከወጣች ወጥታለች። እኔ ጋ ቲ ባዶ ናት። ይህን ለሦስት ትውልድ ቆሜ አስረዳሁ። ይህችን ዕቃ የነደፈ ሰው ለሄፓታይተስ ሲ መመርመሪያ ሌላ ፊደል ቢመርጥ ምን ነበረበት?

የእኔ ነገር በዚህ አለቀ። ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ለደም ያጋለጠኝ ነገር ቢኖር ኖሮ ቆይቼ መድገም ነበረብኝ፤ ሰውነት ምልክቱን ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። የእኔ ግን የልጅነት ጉዳይ ስለሆነ አያሳስብም።

«እኔስ?» አለች እማዬ።

እሷን አላሰብኳትም ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ጾም የማይቀራት፣ ቁስቋም በእግሯ ወጥታ የምትወርድ ሴት ናት። ዓይኗ ቢጫ አይደለም። እኛ ዘንድ የጉበት ነገር ሲነሳ የሚታሰበው የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላይህ ካለፈች ዓይንህ ቢጫ ይሆናል ይባላል። ሲ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን ቢጫ አያደርግም። ምንም ሳያሳይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል።

«አንቺ ምን ብለሽ ትመረመሪያለሽ?» አልኳት።

«አንተስ ምን ብለህ ተመረመርክ?»

መልስ የለኝም። ሌላ ቀደድኩ።

አፏን ስትከፍት ነው የገባኝ። የእናቴ ድድ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ስወለድ ጀምሮ የማውቀው ነው፤ ስትስቅ ነጩ ጥርሷ የሚያምረው በእሱ ነው። ለእኔ እንደ ዓይኗ ቀለም የተፈጥሮዋ ነው። ዘንጓን ይዤ የላይኛውን ድዷን ስጠርግ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ሳይሆን ብዙ ሺህ ጥቃቅን የመርፌ ቀዳዳ አየሁ።

«ይሄን መቼ ነው የተነቀስሽው?»

«ሳልዳር።»

«ማን ነቀሰሽ?»

«ነቃሽ ነቻ፤ ከወዲያ ማዶ የምትመጣ ሴት ነበረች። አንገቴንም እሷው ናት።»

ዘንጓን ብልቃጧ ውስጥ ተክዬ፣ ሰዓቴን አይቼ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያንን ሃያ ደቂቃ የሚሆን ጊዜ ያሳለፍነው ስለ ንቅሳት በማውራት ነው። በሕይወቴ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። የሰፈሩ ልጃገረዶች በአንድ ቀን ተሰበሰቡ። መርፌዎቹ በክር አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። ጥላሸቱ ከምጣድ ቂጥ ተፍቆ በቅጠል ጭማቂ ተለውሷል። በተራ ይቀመጣሉ። ያለቀሰች ይሳቅባታል። እማዬ አላለቀሰችም፤ ይህን ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። ድዱ ለብዙ ቀን ያብጣል፤ ለስለስ ያለ ነገር ብቻ ይበላል።

«መርፌው ይታጠባል?» አልኳት።

«በምን? ደሙን በጨርቅ ትጠርገዋለቻ።»

«ያው መርፌ ነው ለሁላችሁም?»

«ታዲያ ለየራሳችን ልታመጣልን ኖሯል?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ በአንድ ምላጭ መገረዝ፣ ሁሉም ደም ለደም የሚያገናኙ ናቸው። በኤች አይ ቪ ጊዜ ብዙዎቹን ተምረን ትተናል። ዛሬ ፀጉር ቤት ምላጭ ካልተቀየረ የሚቆጣ ደንበኛ ሞልቷል፤ ቶንዶሱን ከቤቱ ይዞ የሚሄድም አለ። ከኤች አይ ቪ በፊት የሆነውን ግን ማንም ተመልሶ አልጠየቀም።

ጊዜው ሲደርስ ሲ ጋ አንድ መስመር ወጥቷል። ቲ ጋም ወጥቷል። ቀጭን፣ ደብዛዛ፣ ወደ ብርሃን ካላዞርከው የማይታይ። አዞርኩት። አለ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ብልቃጧን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መደበቅ ነው። ጎረቤቶች ለቡና እየመጡ ነበር። እማዬ ግን ረከቦቱ ቀርቦ ዕጣኑ እንደጨሰ ለሁሉም አወጀች። «ልጄ መርምሮኝ ጉበት አለብሽ ብሎኛል» አለች፤ የአውዳመት ዶሮ ዋጋ እንደምትናገር ያህል። አንዷ ጎረቤት ደነገጠች። ሌላዋ የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚያውቁ ሰው አዘዞ አሉ አለች። ሦስተኛዋ የእህቷን ባል ታሪክ ጀመረች። ብቻዎን ይሁኑ ይላል ወረቀቱ!

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ሲውል ሲያድር ግን እማዬ ከመመሪያው የተሻለ እንደምታውቅ አሰብኩ። ሰውን ማሳበድ የሚችለው መስመሩን ካየህበት ሰዓት እስከ ሁለተኛው ምርመራ ያለው ጊዜ ነው። ያንን ጊዜ ብቻውን የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነገር ሊያስብ ይችላል። እኔ መመሪያውን ብጽፈው «ብቻዎን ይሁኑ» የሚለውን አውጥቼ «ከማን ጋር እንደሚሆኑ ራስዎ ይምረጡ» እላለሁ። ምርጫው የተመርማሪው ይሁን እንጂ። ለሠርግ፣ ለሥራ፣ ለቤት ኪራይ ብሎ ሌላውን «ይህችን ድድህ ላይ አድርግ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። የራስ ምርመራ የተባለው የራስ ስለሆነ ነው።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ያስተዋልኩት ነገር ግን ቀኑን ሁሉ አበላሸብኝ። እማዬ የራሷን ስኒ ከረከቦቱ አውርዳ ከእግሯ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጣለች።

ምሳ ላይ ትሪው ቀረበ፤ አልቀረበችም። ትንሽ ሳህን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ልጄ ጉርሻ ልትሰጣት ስትሄድ እጇን መለሰችው። ልጅቷ አለቀሰች። እማዬ ልጅቷን በጉርሻ ነው ያሳደገቻት።

«እማ፣ በምግብ አይተላለፍም እኮ» አልኳት።

«ከአፌ አይደለም እንዴ ያወጣኸው?»

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ትክክል ናት! ከአፏ ነው ያወጣሁት። ድዷን ጠርጌ በሽታ አለ ካልኳት፣ በሽታው አፏ ውስጥ ነው ብላ ብታስብ ምን ይፈረድባታል? መመሪያው ላይ ይህን የሚያስረዳ አንድ መስመር አለ፤ ግን በደቃቅ ፊደል። መጀመሪያ በትልቁ መጻፍ የነበረበት እሱ ነው።

ስለዚህ እኔ በትልቁ ልጻፈው። ዘንጓ ቫይረሱን አትፈልግም። ቫይረሱ ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት የሚዋጋበትን ነገር ይሠራል፤ ሐኪሞች አንቲቦዲ ይሉታል። እሱ በደም ውስጥ አለ፤ ከድድ በሚወጣው እርጥበት ውስጥም በጥቂቱ ይገኛል። የምትለቅመው እሱን ነው። ሄፓታይተስ ሲ በጉርሻ አይተላለፍም። በስኒ፣ በማንኪያ፣ በመሳም፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። እናት ስታጠባ በወተቷ አይተላለፍም፤ በእርግዝናና በወሊድ ግን ከመቶ ወደ አምስት የሚሆኑ ሕፃናት ከእናታቸው ሊይዙት ይችላሉ። መንገዱ ደም ነው። ስለዚህ መለየት ያለበት ምላጭ፣ ጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽ ነው። የእማዬ መፋቂያ ደግሞ ድሮም የራሷ ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ። ሳህኗን ግን አልመለሰችም። «ሐኪሙ ይበል» አለች። ልጅ ምን ያህል ቢማር ለእናቱ ሐኪም አይሆንም።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ስለ እሱ አልጽፍም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አየ። መጀመሪያ ከደም ሥሯ ደም ወስደው አንቲቦዲውን ደገሙት፤ እንደገና አለ ተባለ። ከዚያ ነው ዋናው የመጣው።

«እማማ» አላት፣ «ይህ የሚነግረን ቫይረሱ አንድ ቀን ሰውነትዎ ገብቶ እንደነበር ነው። አሁን ይኑር አይኑር አይነግረንም። ከአስር ሰው ወደ ሦስቱ ያለ ምንም መድኃኒት በራሱ ይለቃቸዋል። ምልክቱ ግን ዕድሜ ልክ ይቀራል።»

እማዬ ጥቂት አሰበች።

«እንግዲያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ!»

ሐኪሙ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «እሱ ነው» አላት። «አሁን ጅቡ መሄዱን እናያለን።»

ጅቡን የሚያየው ሌላ ምርመራ ነው። የቫይረሱን የራሱን ዘር ደም ውስጥ ይፈልጋል። ለቲቢ በሚያገለግለው በጂን ኤክስፐርት ማሽንም ይሠራል። ከዚያ ጎን ለጎን የጉበት ምርመራና አልትራሳውንድ ታዘዘላት። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ታዘዘ። ቢ ለምን አልኩት። የሲ መድኃኒት ሲጀመር ተኝቶ የነበረ ቢ ሊነሳ ስለሚችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል አለኝ። ለቢ ክትባት አለው፤ አገራችን ለሕፃናት መስጠት ከጀመረች ቆይታለች። ለሲ ግን ክትባት የለውም። ያለው መድኃኒት ነው።

ስለ መድኃኒቱ ያነበብኩት ውጤቱን ስንጠብቅ ነው፤ ሌሊት፣ ሁሉም ሲተኛ። ቫይረሱ ካልለቀቀ ጉበትን ቀስ እያለ ያጠጥረዋል። ሥር ከሰደደባቸው ውስጥ ከመቶ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በሃያ ዓመት ውስጥ ሲሮሲስ ወደሚባለው ይደርሳሉ። ጎረቤታችን የደረሱበት እዚያ ነው። አሁን ግን የሚዋጥ ኪኒን አለ። ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር ለአብዛኛው ሰው አሥራ ሁለት ሳምንት ይወሰዳሉ። ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆነው ይድናል። ማስታገስ አይደለም፣ መዳን ነው። ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር፣ የአሥራ ሁለት ሳምንቱ 84,000 ዶላር ነበር። ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም ስለሚሠሩት ሙሉ ሕክምናውን ከ100 ዶላር በታች የሚገዙ አገሮች አሉ። የደንቢያ ሰው ኪኒን ይንቅ ነበር ብያለሁ አይደል? በመርፌ የመጣው የሚሄደው በኪኒን ሆነ።

በእነዚያ ቀናት እማዬ ፀበል ሄደች። የአዘዞውን መድኃኒት ግን አልሞከረችም፤ ሐኪሙ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ጉበትን ሊጎዳ ይችላል ብሏት ነበር። «ፀበሉን ይጠጡ፤ ያንን ይተዉት» አላት። በዚያ ተስማሙ። ሳህኗ ግን ጥግ ላይ እንደሆነች ናት። ባለቤቴ አንድ ቀን ሆን ብላ በእማዬ ስኒ ቡና ቀድታ ጠጣች፤ እያየቻት። እማዬ ምንም አልተናገረችም። ስኒዋን ግን በበነጋው ወደ ጓዳ ወስዳ ቆለፈችባት።

ውጤቱ መጣ። ቫይረሱ አልተገኘም።

ሰውነቷ ራሱ አባሮታል። መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት ድዷ ሳይሽር፣ ገና ሙሽራ ሳትሆን። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛ፣ ይህች የድድ ምርመራ ከእንግዲህ ለእርስዎ አትሆንም፤ ዕድሜዎን ሙሉ አለ ማለቷ አይቀርም፤ ስለዚህ የውጤት ወረቀቱን ያስቀምጡ። ሁለተኛ፣ አንዴ ለቀቀ ማለት ዳግም አይዝም ማለት አይደለም። «ከእንግዲህ አልነቀስም» አለችው።

«ከሰው ጋር ይብሉ እማማ» አላት ስንወጣ። ይህን ቃል ነበር የምትፈልገው። የዚያን ቀን ምሳ ልጄን አሥር ጊዜ ሳታጎርሳት አልቀረችም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ልጨርስ ነበር። ግን እማዬ አልጨረሰችም። ማታ ላይ መቁጠሪያዋን አስቀምጣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ምን እየቆጠርሽ ነው አልኳት። የዚያን ቀን በተራ የተቀመጡትን ነው አለችኝ። ከእሷ በፊት ማን እንደነበረች፣ ከእሷ በኋላ ማን እንደነበረች ታስታውሳለች። አንዷ በወሊድ ሞታለች። አንዷ ሱዳን ገብታ ቀርታለች። አንዷ ወጣት ሳለች ሆዷ አብጦ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ነው የሞተችው። ያኔ ቡዳ ነው ተብሎ ነበር። ሰፈር ውስጥ አንድ ሸማኔ በእሷ ሞት ተጠርጥሮ ቤቱን ጥሎ እንደሄደ እማዬ እስከዚያ ማታ ድረስ ነግራኝ አታውቅም። ሸማኔው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

የቀረችው ታናሽ እህቷ ናት፤ አክስቴ። የምትኖረው ጭልጋ፣ አይከል ነው። በማግስቱ ደወልንላት።

እማዬ ነገሩን ሁሉ ከሥር ጀምራ ነገረቻት፤ ጅቡንም ውሻውንም ጨምራ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ያማል?» አለችኝ አክስቴ።

«አያምም እትዬ። ድድሽን ማስነካት ነው።»

«የኔ ድድ ከእሷ ይበልጥ ጥቁር ነው። እሷ ሳታስጨርስ ነው የተነሳችው።»

«ውሸቷን ነው!» አለች እማዬ ከጎኔ።

ዘንግ መጠበቅ እንደማያስፈልጋት ነገርኳት። ከውጭ እስኪመጣ ምን ያስቸኩላል? ሆስፒታል ሄዳ ሄፓታይተስ ሲ መርምሩኝ ብትል በትንሽ ደም ያዩላታል።

«እዚህ?» አለች። «እዚህማ ላብራቶሪ የሚሠራው የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከሰዓት ሳይሆን አይከል ሁሉ ይሰማዋል። እናንተ ጋ መጥቼ ልመርመር፣ ጎንደር ማን ያውቀኛል?»

ስልኩን ዘጋሁ። እማዬ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱንም ጎረቤቶቻችንን እህቷ ለምርመራ እንደምትመጣ ነግራቸዋለች።